ሽበሺና የፊቱ ቦታ

ባሌ ሽበሺ በሕይወቱ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፊት መሆን። በምን ፊት እንደሚሆን ግድ የለውም። ሰርግ ቤት ሲጠራ ከሙሽራው አጎት ጎን ካላስቀመጡት ምግቡ ከጉሮሮው አይወርድም። ለቅሶ ቤት እንኳ ሲገባ ዓይኑ የሚፈልገው ሐዘንተኛውን ሳይሆን ባዶውን የፊት ወንበር ነው። ሐኪም ዘንድ ወረፋ ስንይዝ ከእሱ በፊት የመጣ ሰው ካለ ሕመሙን ረስቶ ሰውየውን ሲገላምጥ ይውላል። እኔ ሚስቱ እታፈራሁ ይህን ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ አይቻለሁ። ጎንደር ላይ ተጋብተን በዓመቱ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ስንመጣ፣ ሰው ሁሉ ነፍሱን ይዞ ወለሉ ላይ ተደራርቦ ሲቀመጥ፣ እሱ የሰው እግር እየረገጠ ወደ አብራሪው በር ይገፋ ነበር። በልቤ ፊታውራሪ እለዋለሁ።

ፊታውራሪ ታዲያ ኑሮው ምን መሰላችሁ? ቢሉ ሴንተር የሚባል የገበያ ማዕከል መግቢያ ላይ ቆሞ የሰው ቦርሳ ይከፍታል። ሽሚራ ነው፤ ጥበቃ። ቀኑን ሙሉ ሰው እያለፈው ወደ ውስጥ ይገባል፣ እየገዛ ይወጣል፤ እሱ እዚያው በሩ ላይ ነው። ቤት ሲመጣ ግን የሚያወራው ስለ ሥራው አይደለም፤ ምኩራብ ውስጥ ማን ከማን ፊት እንደተቀመጠ ነው። በአዲስ ዓመት ማታ «ራስ እንጂ ጅራት አታድርገን» እየተባለ ሲጸለይ፣ በዚህ አገር ልማድ የዓሣ ጭንቅላት ማዕድ ላይ ይቀርባል። በእኛ ቤት ጭንቅላቱን የሚነካ የለም። ፊታውራሪ ዓይኑን ሳይቀር ይበላዋል። እኔ ጅራቱን እበላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር የሚጣፍጠውም እሱ ነው።

እኔ ሻዓራይም በሚባል ሰፈር አንዲት የመናዊት አሮጊት አስታምማለሁ። ዕብራይስጡን ከእሷ ነው የተማርሁት፣ ስድቡን ጨምሮ። ሽበሺ ግን በሃያ አራት ዓመት ውስጥ «ቦርሳ ክፈት»፣ «ሰላም» እና «ቤሰደር»፣ እሺ ማለት ነው፣ ከማለት ብዙም አልዘለለም። ስለዚህ ከቢሮም፣ ከሐኪምም፣ ከትምህርት ቤትም ደብዳቤ ሲመጣ አንባቢዋ እኔ፣ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። እሱ ይናገራል፣ እኔ አቀናለታለሁ። ከእኛ አገር የመጣ ቤተሰብ ሁሉ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አለው፤ በብዛት ልጆች ናቸው፣ በእኛ ቤት ግን እኔው ነኝ።

ልጃችን ሄዋን አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላት ሲል የሰፈራችን መትናስ፣ ልጆች ከትምህርት በኋላ የሚውሉበት ቤት ማለት ነው፣ አንድ ወረቀት በተነ። ሽበሺ ካራቴ መስሎት ፈረመ። የባለ ጎማ ጫማ እሽቅድምድም ሆኖ ተገኘ። ጫማውን ሳየው ሳቄ አመለጠኝ። ብርቱካን ብርቱካን የሚያህሉ አራት ጎማዎች በአንድ መስመር ተደርድረውበታል። ሰው እግዚአብሔር በሰጠው እግር መሄድ ሰልችቶት እንዲህ ያለ ነገር መሥራቱ ገረመኝ። ልብሱ ደግሞ ከገላ ጋር የተሰፋ ነው የሚመስለው። ሽበሺ መጀመሪያ ልብሱን ሲያይ «ልጄ በዚህ አትወጣም!» ብሎ ፎከረ። ጀርባው ላይ ቁጥር እንደሚለጠፍበትና አንደኛ የወጣ ሜዳልያ እንደሚያገኝ ስነግረው ግን ፉከራው ወዲያው በረደ።

ሁለቱ ወንዶች ልጆቻችን አድገው ከሠራዊት እስኪመለሱ ድረስ ይህ ሰው የትምህርት ቤታቸውን ደጃፍ አልረገጠም። አሁን ግን አንድም ልምምድ አያልፈውም። ልምምዱ ከስፖርት አዳራሹ ጀርባ፣ መኪና ማቆሚያ በነበረው አስፋልት ላይ ነው፤ ነጭ መስመር አስምረው ሜዳ አደረጉት። አንዲት ጠጠር ጎማ ሥር ብትገባ ልጅ ትወድቃለች ሲሉ ሰማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቴን መጥረጊያ ይዞ ቀድሞ እየሄደ ዙሪያውን በሙሉ ይጠርጋል። ከሥራ ሲመለስ ደግሞ የጎማዎቹን ኩሽኔታ እያወጣ በነጭ ጋዝ ያጥባል፤ በእኔ የሽሮ ድስት። ድስቱን ጣልሁት። እሱ አላስተዋለም።

ሌሎቹ ወላጆችም ከእሱ አይሻሉም። ሚሪ የምትባል አለች፤ የናታሊ እናት። ናታሊ የሄዋን እኩያ ናት፣ ሦስት ዓመት የለመደች። ሚሪ ተጣጣፊ ወንበር፣ ጃንጥላና በሣጥን የተከተፈ ኪያር ይዛ ትመጣለች። ልጇ በወደቀች ቁጥር የምትጮኸው እናትዬዋ ናት፤ ልጅቱ ዝም ትላለች። አንድ ቀን ሽበሺ ሲጠርግ የማዘጋጃ ቤት ጠራጊ መስሏት ወንበሯ ሥር ያለውን ቅጠል በጣቷ አሳየችው። እሱም በፈገግታ ጠረገላት። «ይህ ሰው አባት ነው» ብዬ ልነግራት አሰብሁ፤ ግን ከሁለቱ ማንን ይበልጥ እንደምንቅ መምረጥ አቃተኝና ተውሁት።

አሰልጣኙ ጊል ይባላል። ጸጉሩን እንደ ልጃገረድ ከኋላው ያሰረ፣ ቀኑን ሙሉ የሱፍ ፍሬ የሚቆረጥም ሰው ነው። ሲያስተምር ቅርፊቱን ይተፋል፣ ሲቆጣ ቅርፊቱን ይተፋል፣ ሲያመሰግንም ያው ነው። ቅርፊቱን ሽበሺ ይጠርገዋል።

የመጀመሪያው ውድድር በሐኑካ በዓል ሰሞን፣ ታኅሣሥ ላይ ሆነ። አሥራ አምስት ዙር ነው። ጊል ለሄዋን የነገራት ይህ ነበር፤ ከፊተኛይቱ ጀርባ ተለጠፊ፣ ጎንበስ በይ፣ እጅሽን ወገብሽ ላይ አድርጊ፣ ሁለት ዙር ሲቀር ውጪ። ልጄ እንደተባለችው አደረገች። አሥራ ሦስት ዙር ከናታሊ ጀርባ እንደ ጥላ ሄደች፤ ከዚያ ወጣችና ከናታሊ ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ በአንድ ክንድ ተበልጣ ሁለተኛ ሆነች። ገና ሁለት ወር የለመደች ልጅ! ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ እንኳ፣ ነገሩን ሁሉ የምንቀው፣ እጄ እስኪቀላ አጨበጨብሁ።

ዘወር ስል የሽበሺ ፊት አመድ መስሏል።

«አየሻት?» አለኝ። «አሥራ ሦስት ዙር ሙሉ ከሰው ልጅ ጀርባ ተሸጉጣ! እንደ ሌባ! ስትደክምላት ጠብቃ ልትቀድማት! ይኼ ምን ድል ነው? ማድፈጥ ነው እንጂ!»

«ስፖርቱ እንዲህ ይሆናል» አልሁት። «እስኪ አሰልጣኙን እንጠይቀው።»

«አንቺ ደግሞ ስለ ውድድር ምን ታውቂያለሽ? ሴት ወይዘሮ! ነይና የምልሽን አስተርጉሚ፤ ያንቺን አስተያየት የጠየቀሽ የለም።»

ይህን ያለው ሚሪ አጠገብ ነው። ቃሉ ባይገባትም ድምፁ ገብቷት ኪያሯን እያኘከች ፈገግ አለች። ያቺን ፈገግታ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ጊል ጎማ ሲፈታ አገኘነው። ሽበሺ ደረቱን ነፋ። «እንዲህ በይው። ልጄ ከዛሬ ጀምሮ ፊት ነው የምትሆነው። ከመጀመሪያው ዙር እስከ መጨረሻው። ከማንም ጀርባ አትሄድም በይው።»

አንዲት ቃል ሳልጨምር፣ አንዲት ቃል ሳልቀንስ አስተረጎምሁ። ጊል መቆርጠሙን አቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ አፉ ባዶ ሆኖ አየሁት።

«የሚጠይቀውን ያውቀዋል?» አለኝ በዕብራይስጥ። «ፊት የሆነ ሰው ነፋሱን ለሌሎቹ ይቆርጥላቸዋል። ከኋላው ያሉት ተጠልለው ያርፋሉ። አሥራ አምስት ዙር ፊት የሆነች ልጅ አታሸንፍም፤ ለሌሎቹ ስትሠራላቸው ትውላለች። ይህን ንገሪውና ይወስን።»

«ምን አለ?» አለ ሽበሺ።

ባሌን አየሁት። ደረቱ እንደተነፋ ነው። አስተያየት የጠየቀሽ የለም ብሎኛል። እንግዲያው አልጠየቀኝም።

«ቤሰደር አለ» አልሁት።

ወደ ጊል ዞርሁ። «ያውቃል፤ እንደዚያ ነው የሚፈልገው» አልሁት።

ጊል ትከሻውን ነቀነቀ። ናታሊ ወዳለችበት አየት አደረገና እንደገና ፍሬውን አፉ ውስጥ ወረወረ። «ቤሰደር፣ አባ!» ብሎ የሽበሺን እጅ ጨበጠ። ሽበሺ አንድ አገር ያስገበረ ያህል እየተንጎራደደ ወጣ። እኔ ከኋላው እየሄድሁ ሳቄን ዋጥሁ። ለአንድ ሳምንት ቀጥቼው እነግረዋለሁ ብዬ ነበር።

ሳምንቱ አለፈ፤ አልነገርሁትም። ወሩም አለፈ።

በዚህ አገር ክረምቱ ከሐኑካ እስከ ፋሲካ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ሄዋን ፊት ሆነች። አባቷ አዝዟል፣ አሰልጣኙ አዝዟል፤ ልጅቱ የታዘዘችውን ታደርጋለች። እየመራች ትዞራለች፣ ነፋሱ ደረቷን ይመታታል፣ ከኋላዋ አምስት ስድስት ልጆች ተሰልፈው እንደ ጥላ ቤት ይጠለሉባታል። መጨረሻው ዙር ላይ እያረፉ የመጡት ይበተኑና ያልፏታል። አራተኛ ወጣች፣ አምስተኛ ወጣች፣ አንድ ጊዜ ስምንተኛ ወጣች። ፊታውራሪ የሚቆጥረው ግን ሌላ ነው። «ዛሬ አሥራ አራት ዙር መራች!» ይላል ቅዳሜ ምኩራብ ውስጥ። «ስንተኛ ወጣች?» ብሎ የሚጠይቀው ሲገኝ «መጨረሻ ላይ ተሻሙባት እንጂ መሪዋማ እሷ ነበረች» ይላል። ለጊል አንድ ሣጥን መንደሪን ወሰደለት፣ ስለ ውለታው። ጊልም በላ። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይህ ነው።

ናታሊ በዚያ ክረምት ሦስት ውድድር አሸነፈች። ሚሪ አንድ ቀን ወደ እኔ መጥታ «ልጅሽ እንዴት ያለች ጥሩ ልጅ ናት! ለሁሉም ትሠራለች» አለችኝ፣ የቤት ሠራተኛዬን የምታመሰግን ይመስል። ኪያርም ጋበዘችኝ። አልበላሁም።

ለምን ዝም እንዳልሁ ልንገራችሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኔ ግን ለጥበብ ብዬ አልነበረም። ይጣፍጠኝ ነበር። ሰውየው በሰው ፊት ሲኩራራ፣ እኔ ብቻ የማውቀውን እያሰብሁ ውስጤ ይስቅ ነበር። ሃያ አምስት ዓመት «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» ሲለኝ የኖረ ሰው፣ አሁን ያላወቀው ነገር በየሳምንቱ በዓይኔ ፊት ይዞራል። ልጄ ከንፈሯ ነጥቶ እያለከለከች ስትመጣ ሳቁ ይቋረጥ ነበር። «ጥፋቱ የእሱ ነው» እላለሁ ለራሴ። ሽበሺ አፉን ሲከፍት ደግሞ ሳቁ ይመለስልኛል።

ከፋሲካ በኋላ ጊል ልጆቹን ሰብስቦ ወሬውን ነገራቸው። ሰኔ ላይ በሚደረገው የመጨረሻ ውድድር አንደኛና ሁለተኛ የሚወጡት ሁለት ልጆች ትምህርት ሲዘጋ ሆላንድ ይሄዳሉ፤ ሁለት ሳምንት ከሌላ አገር ልጆች ጋር ይለማመዳሉ፣ ይወዳደራሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሄዋን ሌላ ወሬ አልነበራትም። እዚያ በጣሪያ የተሸፈነ፣ ወለሉ እንጨት የሆነ መሮጫ እንዳለ ነገረችኝ። «ኢማ፣ ውስጡ ነፋስ የለም! በፍጹም የለም!» አለችኝ። ይህን ስትል ፊቷን ማየት አልቻልሁም።

በሳምንቱ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች።

«ኢማ፣ ጊል ነገረኝ። ታሚድ፣ ሁልጊዜ፣ ፊት እንድሆን የፈለገው አባ ነው አለኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«አባ ስለ ነፋሱ ያውቃል?»

«አያውቅም» አልኋት። እንዴት እንዳላወቀ አልጠየቀችኝም። እኔም አልተናገርሁም።

«ንገሪው፣ ቤቫካሻ፣ እባክሽ። እኔ ብነግረው አማርኛዬ አይበቃም። ደግሞ ያዝናል። አንቺ እንዳያዝን አድርገሽ መናገር ታውቂበታለሽ። ለጊል በዚህኛው ለራሴ ነው የምሮጠው አልሁት። እሱም፣ አባትሽ ካወቀ ቤሰደር አለኝ።»

«እነግረዋለሁ።»

«መቼ?»

«ከውድድሩ በፊት። ቃሌ ነው።»

አንገቴን አቅፋ ሳመችኝና ሄደች።

ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተውሁት። አንዱን ቀን ከምኩራብ ደስ ብሎት መጣ፤ ደስታውን ላፈርስ አልፈለግሁም አልሁ። ሌላ ቀን ተቆጥቶ መጣ፤ ቁጣው ላይ ልጨምር አልፈለግሁም አልሁ። ግንቦት ላይ የእኛ ወገን ወጣቶች ዘረኝነትን ተቃውመው ቴል አቪቭ መንገድ ዘግተው፣ ፖሊስ በፈረስ ሲበትናቸው፣ ሽበሺ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ ሲያይ ቆየና «ቢያንስ የእኛዋ ፊት ናት» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ። እንደ ልማዴ ልስቅበት ፈልጌ ሳቁ አልመጣልኝም። እንግዲህ ያን ጊዜ እንዴት ብዬ ልንገረው?

እውነተኛው ምክንያት ግን ይህም አይደለም። ስለ ነፋሱ ለመናገር የሐኑካውን ቀን መናገር ነበረብኝ። «አሰልጣኙ ያኔውኑ ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ነኝ የቀበርሁት» ማለት። የናቅሁት ሰው ፊት ዝቅ ብዬ ጥፋተኛ መሆን። ይህን አልቻልሁም።

ውድድሩ ዓርብ ጠዋት ነበር። ፊታውራሪ ያለ ታዛቢ አይሆንለትምና የአባቱን ታናሽ ወንድም ጋሼ በለጠን ከቂርያት ሞሼ ሰፈር ይዟቸው መጣ፤ ሰባ አምስት ዓመት ያለፋቸው፣ ነገር የሚያስታርቁ የተከበሩ ሽማግሌ። ከሚሪ ትርፍ ወንበር በምልክት ለምኖ አጥሩ ሥር፣ ከሁሉም ፊት አስቀመጣቸው። እሱ አጠገባቸው ቆመ። እኔ የሄዋንን ቦርሳ ታቅፌ በጎናቸው ቆምሁ። ከባሕሩ በኩል የሚመጣው ነፋስ ከማለዳው ጀምሮ የዛፎቹን ጫፍ ያጎነብስ ነበር።

ሄዋን ከመነሻው መስመር ሆና ወደ እኛ እጇን አወዛወዘች። ደስ ብሏታል። ለአባቷ የነገርሁት መስሏት ነው።

ፊሽካው ተነፋ። እንደ ልማዱ ሁሉም ሄዋን እስክትወጣ ጠበቁ። አልወጣችም። መሪ ጠፍቶ ልጆቹ ሲንቀረፈፉ፣ በመጨረሻ ናታሊ ሳትወድ ፊት ሆነች። ከኋላዋ ቤኤር ያዕቆብ ከምትባል ከተማ የመጣች አንዲት ልጅ፣ ከእሷ ኋላ ሄዋን። ልጄ ጎንበስ ብላ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ሳትጣደፍ ትሄዳለች። እንዴት ያለ አካሄድ ነበር! ያኔ ነው እውነተኛ ችሎታዋን ያየሁት። ሚሪ ከወንበር ተነሥታ «ናታሊ፣ ለምን ፊት ሆንሽ?» እያለች መጮህ ጀመረች።

«የእኛዋ የትኛዋ ናት?» አሉ ጋሼ በለጠ።

«ሦስተኛዋ። አሁን ትወጣለች፤ ይመልከቱ» አለ ሽበሺ።

አምስት ዙር ሆነ። ሰባት ሆነ። «አሁን ትወጣለች» ይላል፤ ላብ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። ዘጠነኛው ላይ ጋሼ በለጠ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሽበሺ፣ ልጅህ ከኋላ ናት እኮ» አሉት። ክፋት አስበው አልነበረም። ሽበሺ አጥሩን በሁለት እጁ ጨበጠ።

«ሄዋን! ውጪ! ከሰው ጀርባ ውጪ!»

እንዳልሰማች ሆና አለፈች። ከእኛ በቀር አማርኛ የሚሰማ አልነበረም፤ ሌሎቹ የሚያበረታታት መስሏቸው አብረው አጨበጨቡ።

በአሥረኛው ዙር ስትመጣ ድምፁ ተሰነጠቀ። «አባትሽ ነኝ! ስጠራሽ ውጪ!»

ጎንበስ እንዳለች ዓይኗን ቀና አደረገች። ያየችው ግን እሱን አይደለም፤ እኔን ነው። የጠየቀችኝ ግልጽ ነበር። «ቆዪ» ብዬ በእጄ ባሳያት ይበቃት ነበር። የሽበሺን ክንድ ይዤ «ተዋት፣ ታውቅበታለች» ብለው ይበቃ ነበር። ጋሼ በለጠ አጠገቤ ናቸው፤ ለምን ብለው ይጠይቃሉ፣ ነገሩ ይዘረገፋል። ቦርሳው ላይ አቀረቀርሁና ዚፑን ዘጋሁ። ዚፑ ቀድሞውንም ዝግ ነበር።

ቀና ስል ወጥታለች።

አራት ዙር ተኩል መራች። ሽበሺ ይዘላል፤ «አዩልኝ ጋሼ! አዩልኝ!» ይላል። ናታሊና የቤኤር ያዕቆቧ ልጅ ከኋላዋ ገብተው ጎንበስ አሉና አረፉ። ሚሪም አርፋ ተቀመጠች። የመጨረሻው ዙር ላይ ሁለቱ በግራና በቀኝ አለፏት፤ ለመከተል ሞከረች፣ እግሯ ግን አልሰማትም። ሦስተኛ ወጣች።

ወደ እኛ መጥታ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ሽበሺ ግንባሯን ሳማት። «አኮራሽኝ! አራት ዙር ተኩል! ጋሼ ምስክር ናቸው!»

ጫማዋን እየፈታች አባቷን ብቻ እያየች ተናገረች። አማርኛዋ ይሰባበራል፤ ቢሆንም በቃት።

«አባ፣ ፊት ያለውን ሩአሕ፣ ነፋስ፣ ይመታዋል። ኋላ ያለው ያርፋል። ሁሉም ኋላ መሆን ነው የሚፈልገው። ዛሬ ኋላ የሆንሁት ላሸንፍ ነበር። አንተ ጠራኸኝ፣ መጣሁ።»

ሽበሺ የሳቀ ፊቱን ሳይሰበስብ ቆሞ ቀረ። ወደ ዛፎቹ ቀና ብሎ አየ። ከዚያ ወደ ሜዳው አየ፤ ናታሊ ሚሪ ትከሻ ላይ ተንጠልጥላ ትጮኻለች።

«ዛሬ ብቻ ነው?» አለ። «ወይስ ክረምቱንም?»

«ክረምቱንም።»

አጠገቧ አስፋልቱ ላይ ተቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ የት እንደተቀመጠ ሳያይ ተቀመጠ። «ሁሉም እያዩኝ?» አለ። «እኔ ስጨፍር እያዩኝ? ይህን ማን ያውቅ ነበር?»

ሄዋን ሁለተኛውን ጫማ ፈታች። ገመዱን በጣቷ ጠቀለለችው። እኔ በልቤ ትናገር ብዬ ለመንሁ፣ አትናገር ብዬም ለመንሁ።

«ማንም» አለች። «እኔ ብቻ።»

ወደ እኔ አልዞረችም። ሽበሺ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ወይኔ ልጄን!» አለ። «ምነው ለእናትሽ በነገርሻት? እኔ ደንቆሮ ነኝ፤ እሷ ግን ቋንቋውን ታውቃለች፣ ነገር ይገባታል። እናትሽ ብታውቅ ኖሮ ዝም አትልም ነበር።»

ጋሼ በለጠ «እውነት ነው» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለቱም እኔን አዩኝ፤ አንድ ነገር እንድል ይጠብቃሉ። እጄ እንደገና ወደ ቦርሳው ዚፕ ሄደ።

ሄዋን በባዶ እግሯ ተነሥታ ቦርሳዋን ከእጄ ወሰደችና ለአባቷ ሰጠችው።